«ጎደለ» ወይስ «አጎደልሁ»?



ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ሌላውን ለማስተማር ብቻ አይደለም፤ ስለ ራሴም ለመመስከር ነው። በ2007 ዓ. ም. ክረምቱ ሳይዘንብ በመቅረቱ በ2008 ዓ. ም. በአገራችን 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ አስፈልጎት ነበር። እኔም ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ በአንድ የቆላ ቀበሌ እህል እንዳከፋፍል ተመደብሁ። ለአንድ ሰው በወር የሚሰጠው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ነበር።

በመጀመሪያው የዕደላ ቀን ሚዛኑ ስላልደረሰልን በጣሳ ለመስፈር ወሰንን። ጣሳው 5 ኪሎ ስለሚይዝ ሦስት ጣሳ 15 ኪሎ ይሆናል ተባለ። ነገር ግን የጣሳው ቂጥ ተቀጥቅጦ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከጫኞቹ አንዱ በማለዳ አሳየኝ፤ እኔም በዓይኔ አየሁት። «ይሁን፤ ፀሐይ ሳትበረታ እንጀምር» አልሁ። በዚያ ቀን ለ420 ሰው ሰፈርን።

ማታ ቆጠራ ስናደርግ 6 ኩንታል ከ30 ኪሎ ተርፎ ተገኘ። በመዝገቡ ላይ ግን ሁሉም 15 ኪሎ እንደ ተቀበለ በአውራ ጣቱ ፈርሟል። ሒሳቡ ሊቅ አይፈልግም፤ ከእያንዳንዱ ሰው 1.5 ኪሎ ቀርቷል ማለት ነው። ጫኞቹ እስከ ማታ ስለ ደከሙ 2 ኩንታል እንዲካፈሉ አዘዝሁ። የቀረውን «በኋላ ይታያል» ብለን ቆለፍንበት። በሪፖርቱም ላይ «እህሉ በሥርዓቱ ተከፋፍሏል» ብዬ ጻፍሁ።

በማግስቱ አንዲት አሮጊት እናት እህላቸውን በስልቻ ተሸክመው፣ ቁናቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ቤቴ ወስጄ ብሰፍረው አልሞላልኝም» አሉኝ።

«እማማ፣ መንገድ ላይ ፈስሶ ይሆናል። አንዳንዴም ከመጣበት ይጎድላል» ብዬ መለስሁ።

እሳቸውም ጥቂት ተመለከቱኝና፣ «እህል እግር የለውም፤ ራሱ አይጎድልም። ማን አጎደለው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ጎደለ» እና «አጎደልሁ» በሚሉት ሁለት ቃሎች መካከል ያለው ርቀት ሲያሳስበኝ ኖሯል። መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ግል ኃላፊነትና ስለ ንስሐ የሚያስተምረውም በእነዚህ ሁለት ቃሎች መካከል የሚገኝ ይመስለኛል።

ከአዳም የወረስነው አነጋገር

አነጋገራችንን ልብ ብለን እናዳምጥ። ልጅ ብርጭቆ ሲሰብር «ተሰበረ» ይላል። ገንዘብ ያዡ «ሒሳቡ ጎደለ» ይላል። የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ደግሞ «ስሕተት ተፈጽሟል» ብሎ ይዘጋል። ነገሩ ሁሉ ተፈጽሟል፤ የፈጸመው ግን የለም።

ይህ አነጋገር አዲስ አይደለም። በዘፍጥረት ምዕራፍ 3 አዳም ሲጠየቅ ወደ ሴቲቱ ጠቆመ፤ እርስዋን የሰጠውንም እግዚአብሔርን ጨምሮ ወቀሰ። ሴቲቱ ደግሞ ወደ እባቡ ጠቆመች። በዘጸአት ምዕራፍ 32 የምናገኘው የአሮን መልስ ከሁሉ ይልቅ ይገርማል። ቁጥር 4 አሮን ወርቁን ከሕዝቡ ተቀብሎ በመሣሪያ እንደ ቀረጸው ይነግረናል። ሙሴ በጠየቀው ጊዜ ግን፣ በቁጥር 24 እንደ ተጻፈው፣ ወርቁን እሳት ውስጥ ጣልሁት፤ ጥጃው ራሱ ወጣ የሚል መልስ ሰጠ። እንግዲህ የአሮን ጥጃና የእኔ እህል አንድ ናቸው፤ ያ ራሱ ወጣ፣ ይህም ራሱ ጎደለ!

በየጊዜው የምንሰማቸው ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። አንዱ «ሰይጣን አሳሳተኝ» የሚለው ነው። ሰይጣን እንደሚፈትን እናምናለን፤ ያዕቆብ ግን በመልእክቱ 1፥14 ሰው የሚሳበው በራሱ ምኞት እንደ ሆነ ያስረዳል። ፈታኙ በሩን ያንኳኳል፤ የሚከፍተው ባለቤቱ ነው። ሌላው «ሁሉም የሚያደርገው ነው» የሚለው ነው። አባቶቻችን ኃጢአት ሲደጋገም ጽድቅ ይመስላል ያሉት ስለዚህ ነው። ሦስተኛውም «ታዝዤ ነው» ወይም «ሕዝቡ ገፋፍቶኝ ነው» የሚለው ሲሆን፣ በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 15 ንጉሥ ሳኦል የተጠቀመበት ነው። ሳኦል ንጉሥ ሆኖ ሳለ ሕዝቡን ፈራሁ አለ።

ዳዊት ግን በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 ነቢዩ ናታን በምሳሌ ሲገሥጸው ምክንያት አላበዛም። መበደሉን በአጭር ቃል አመነ። የዳዊት ኃጢአት ከሳኦል ያነሰ አልነበረም፤ ዝሙትና የሰው ደም ነበረበት። ልዩነቱ ዳዊት «እኔ» ማለቱ ነው።

ኃጢአት ያልሆነውን ኃጢአት አንበለው

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የግል ኃላፊነትን ስናስተምር በተጎዳ ሰው ላይ ያልሠራውን ኃጢአት እንዳንጭን መጠንቀቅ አለብን። በዕደላ ቦታ «ይህ ሁሉ የመጣው በኃጢአታችሁ ነው» ብሎ የተራበውን ሕዝብ የሚገሥጽ ሰባኪ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህ የወንጌል ትምህርት አይደለም።

በሉቃስ ምዕራፍ 13 ጌታ ኢየሱስ የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች አነሣ። እነርሱ ከሌሎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናገረ፤ ከዚያም ሰሚዎቹ እያንዳንዳቸው ስለ ራሳቸው ንስሐ እንዲገቡ አሳሰበ። በዮሐንስ ምዕራፍ 9 ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ሰው፣ የራሱ ኃጢአት ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ሲጠይቁ ሁለቱንም አልተቀበለም። እንግዲህ የሌላውን ሰው መከራ ስናይ ጥያቄው «እርሱ ምን ቢያደርግ ነው?» ሳይሆን «እኔስ ምን ላድርግ?» ነው።

የ2007 ዓ. ም. ክረምት የቀረው በአብዛኛው ኤል ኒኞ በሚባለው የአየር ጠባይ ምክንያት ነው። የፓሲፊክ ውቅያኖስ ውኃ ከልክ በላይ ሲሞቅ የብዙ አገሮች ዝናብ ይዛባል። ይህን ያመጣ ገበሬ በቀበሌያችን አልነበረም። በ1965 እና በ1966 ዓ. ም. በወሎ የደረሰውንም ረኃብ እናስታውስ። ድርቁን ሰው አላመጣውም፤ የረኃቡን ወሬ አፍኖ መያዝ ግን ሥልጣን ያላቸው ሰዎች የመረጡት ነገር ነበር። በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ከመሞቱ ላይ የሰው እጅ ያለበትንና የሌለበትን መለየት የሚገባን ለዚህ ነው። ዝናቡ ቀረ፤ ይህ መከራ ነው። ጣሳው እንደ ተጎዳ እያወቅሁ ሰፈርሁ፤ ይህ ኃጢአት ነው።

የአባት ዕዳ ለልጅ ነውን?

«የአባት ዕዳ ለልጅ» የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቃለን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት ገደማ ወደ ባቢሎን ከተማረኩት ጋር የነበረው ነቢዩ ሕዝቅኤል ተመሳሳይ ምሳሌ በሕዝቡ አፍ ይሰማ ነበር። ይኸውም ጎምዛዛውን ወይን አባቶች እንደ በሉ፣ የልጆች ጥርስ ግን እንደ ጠረሰ የሚናገር ነው። ምርኮኞቹ በዚህ ምሳሌ ሲጽናኑ ነበር፤ ጥፋቱ የቀደሙት ከሆነ ለእኛ የቀረው ማልቀስ ብቻ ነው ማለታቸው ነው።

ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ይህን ምሳሌ ይሽራል። ልጅ በአባቱ በደል አይጠየቅም፤ አባትም በልጁ በደል አይጠየቅም፤ እያንዳንዱ በራሱ ሥራ ይጠየቃል። ብዙዎች ይህን ምዕራፍ እንደ ከባድ ፍርድ ያነቡታል። ነገር ግን በውስጡ ያለውን የምሥራች እናስተውል። ኃጢአቴ የአባቴ ከሆነ እኔ ልተወው አልችልም። የእኔ ከሆነ ግን ልመለስ እችላለሁ! ምዕራፉም የሚያበቃው እግዚአብሔር በማንም ሞት እንደማይደሰት በመናገርና «ተመለሱ» በሚል ጥሪ ነው። ኃላፊነት የተስፋ በር የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ሆኖም በደልና የበደል ውጤት አንድ አይደሉም። በደሉ የበዳዩ ብቻ ነው፤ ውጤቱ ግን ምንም ያላደረገውን ያገኘዋል። በሰኔ 2015 ዓ. ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ድርጅት በመላው ኢትዮጵያ የሚሰጡትን የምግብ ዕርዳታ አቋርጠው ነበር። ምክንያቱ ለችግረኞች የተላከ እህል በብዛት ወደ ሌላ መንገድ መዞሩ ስለ ተደረሰበት ነው። ዕደላው እንደገና እስኪጀመር ድረስ ወራት አለፉ። በእነዚያ ወራት የተራቡት እህሉን ያዞሩት ሰዎች አልነበሩም፤ ሕፃናት፣ ተፈናቃዮችና ስደተኞች ነበሩ። ስለዚህ «ኃጢአቴ የግሌ ጉዳይ ነው» የሚል ሰው ግማሹን ብቻ ተናግሯል። መጠየቁ የግሉ ነው፤ ጉዳቱ ግን የጋራ ነው።

ሁለት ዓይነት ሸክም

በገላትያ ምዕራፍ 6 ሐዋርያው ጳውሎስ በቁጥር 2 አንዳችን የሌላውን ሸክም እንድንሸከም ያዝዛል፤ በቁጥር 5 ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ሸክም እንደሚሸከም ይናገራል። በአማርኛችን ሁለቱም «ሸክም» ስለ ተባሉ የሚጋጩ ይመስላሉ። ጳውሎስ የጻፈው በግሪክኛ ሲሆን የመጀመሪያው ቃል «ባሮስ»፣ ሁለተኛው «ፎርቲዮን» ይባላል። ባሮስ ሰውን የሚያጎብጥ ከባድ ጫና ነው። ፎርቲዮን ግን ለእያንዳንዱ የተመደበለት የራሱ ጭነት ነው።

የገጠር ሰው ይህን ያለ መዝገበ ቃላት ይረዳዋል። ወደ ገበያ ሲኬድ ሁሉም የየራሱን ይሸከማል። አንዱ ወድቆ እግሩ ቢሰበር ግን ጓደኞቹ ጭነቱንም እርሱንም ተካፍለው ይሸከማሉ። የሥራዬን መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ይህ ፎርቲዮን ነው፤ ወንድሜ ሊሸከምልኝ አይችልም። የተሰበረውን ልቤን፣ ውርደቴንና የመመለስ ጉዞዬን ግን ወንድሜ ሊካፈለኝ ታዝዟል፤ ይህ ባሮስ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱን ስታደባልቅ ወይ በዳዩን ትሸፍነዋለች፣ ወይ ወድቆ ሳለ ትረግጠዋለች።

መናዘዝ ብቻውን ተስፋ አይሆንም

ይሁዳና ጴጥሮስ በአንድ ሌሊት ጌታን በደሉ። ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ነገር ግን ይሁዳም መናዘዙ ነው። ማቴዎስ 27፥3-5ን ብናነብ መጸጸቱን፣ መበደሉን በአፉ ማመኑንና 30ውን ብር መመለሱን እናገኛለን። የጎደለው ምን ነበር? የተናዘዘላቸው የካህናት አለቆች ይህ የራስህ ጉዳይ ነው ብለው አሰናበቱት፤ እርሱም ወደ ኢየሱስ አልተመለሰም፤ ወጥቶ ታነቀ። ጴጥሮስ ደግሞ አምርሮ ካለቀሰ በኋላ በወንድሞቹ መካከል ቆየ። ጌታም በጥብርያዶስ ባሕር ዳር አገኘው፣ ሦስት ጊዜ ጠየቀው፣ መንጋውንም አደራ ሰጠው (ዮሐንስ 21)። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 7፥10 ወደ ሕይወት የሚያደርስና ወደ ሞት የሚያደርስ ኀዘን ብሎ የለየው ይህን ነው።

እንግዲህ የክርስቲያን ተስፋ ኑዛዜያችን የሚገዛው ነገር አይደለም። ጥፋቴን ስላመንሁ እግዚአብሔር ባለ ዕዳዬ አይሆንም። በሮሜ 5፥8 እንደምንማረው ክርስቶስ የሞተልን ከታረምን በኋላ ሳይሆን በኃጢአታችን ሳለን ነው። ስለዚህ «አጎደልሁ» ለማለት የምንደፍረው ጸጋው አስቀድሞ ስለ ተዘጋጀ ነው። ይቅርታ እንደሌለ የሚያስብ ሰው ሁልጊዜ «ጎደለ» ሲል ይኖራል፤ ሌላ ማምለጫ የለውምና።

እኔም በሦስተኛው ቀን ወደ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሄጄ ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። «አይዞህ፣ ትንሽ ነገር ነው» አላሉኝም። ከቤታቸውም አላስወጡኝም። ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ፣ «ስንት ሰው ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«420» አልኋቸው።

«መዝገቡን አምጣና ስማቸውን አንብብልኝ» አሉ። ያን ሁሉ ስም አንድ በአንድ አነበብሁ። ስጨርስ ድምፄ ጠፍቶ ነበር። አብረውኝ ተንበርክከው ጸለዩ። ከዚያም፣ «ልጄ፣ ጌታ ይቅር ብሎሃል። እህሉን የምትመልሰው ግን አንተ ነህ» አሉኝ።

ይቅርታና መካስ

በዘኍልቍ 5፥6-7 የተሰጠው ሕግ ግልጽ ነው። የበደለ ሰው ይናዘዛል፤ የወሰደውን በሙሉ ይመልሳል፤ አንድ አምስተኛም ይጨምርበታል፤ ለተበደለውም ይሰጣል። በሉቃስ ምዕራፍ 19 ዘኬዎስ ከዚህ አልፎ አራት እጥፍ ለመመለስ ተነሣ። ልብ በሉ፤ ጌታ ወደ ቤቱ የገባው ዘኬዎስ ከመመለሱ በፊት ነው። ካሳው የጌታን መምጣት አልገዛም፤ የጌታ መምጣት ግን ካሳውን አስከተለ።

በሚቀጥለው ዕደላ በሕዝቡ ፊት ቆሜ ጣሳው ጎዶሎ እንደ ነበረ አስቀድሜ አውቅ እንደ ነበር፣ 2 ኩንታሉንም ለጫኞች የሰጠሁት እኔ እንደ ሆንሁ ተናገርሁ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ድርሻ የራሱ ነው፤ እርሱ ይናገረው። ለእያንዳንዱ ሰው 1.5 ኪሎና አምስተኛውን፣ ማለት 1.8 ኪሎ ለመመለስ 756 ኪሎ አስፈለገ። በመጋዘን የተቆለፈው 430 ኪሎ ነበር። የቀረውን 326 ኪሎ ገዝቼ አሟላሁ፤ ዕዳውንም ከደመወዜ በየወሩ ከፈልሁ። በተጨማሪ ለአንድ ዓመት ከዕደላ ሥራ ተነሥቼ በእርከን ሥራ ላይ ተመደብሁ። ይህም ተገቢ ነበር። ይቅር የተባለ ሰው ወዲያው ቁልፍ ሊሰጠው ይገባል ማለት አይደለም፤ መታመን እንደ ተራቆተ መሬት ቀስ ብሎ ነው የሚያገግመው።

በዚያ ቀን እነዚያ እናት ተራቸው ሲደርስ እህሉን ተቀበሉ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፤ እኔም ይቅር ብዬሃለሁ» አሉኝ። ከዚያ ዘወር አሉና ቁናቸውን አውጥተው እዚያው በፊቴ ሰፈሩት። መጀመሪያ ቅር አለኝ። በኋላ ግን ትክክል እንደ ነበሩ ገባኝ። ይቅርታ ማድረግ ቁናን መጣል አይደለም።

ለሥራችን የሚሆን ምክር

ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ችግረኞች ገንዘብ ሲሰበስብ ነቀፋ እንዳይገኝበት ብቻውን አልያዘውም። በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን አሰበ (2ኛ ቆሮንቶስ 8፥20-21)። እኛም ከዚህ እንማር፤

1. ሚዛኑ ወይም ጣሳው ዕደላው ከመጀመሩ በፊት በተረጂዎቹ ፊት ይፈተን። ከእነርሱም መካከል የተመረጡ ሰዎች ይዩት።

2. የተረፈ እህል በዚያው ቀን ይመዝገብ። ባለቤት የሌለው ትርፍ የፈተና መጀመሪያ ነው።

3. በሪፖርታችን አድራጊው ይታወቅ። «ዘግይቷል» ከማለት «ዘግይቻለሁ» ማለትን እንልመድ።

4. አቤቱታ ይዞ የሚመጣውን ሰው እንደ ጠላት አንየው። እግዚአብሔር ናታንን ወደ ዳዊት ልኮ ነበር፤ ወደ እኔ የላከው ቁና የያዙ እናትን ነው።

5. የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ተናዛዡን «የራስህ ጉዳይ ነው» ብለው እንደ እነዚያ ካህናት አያሰናብቱት። ጥፋቱንም አይሸፍኑለት። ይስሙት፤ አብረውት ይጸልዩ፤ እስኪክስም ድረስ አብረውት ይቁሙ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ምናልባት በአንተም ዘንድ የተቆለፈበት እህል ይኖር ይሆናል። በመዝገብ ያልሰፈረ ገንዘብ፣ ለባለቤትሽ ያልተናገርሽው ነገር፣ በወንድም ላይ የወጣ የሐሰት ቃል ሊሆን ይችላል። ብዙ ዘመን «እንዲያው ሆነ» ሲባል የኖረ ነገር ነው። ዛሬ ስሙን ጥሩት። ከመስቀሉ በታች ቆመን «እኔ ነኝ» ስንል የምናገኘው ፈራጅ፣ ዕዳችንን አስቀድሞ የተሸከመው ጌታ ነው። እርሱ ያነሣናል፤ ከዚያም የምንመልሰውን እንድንመልስ ኃይል ይሰጠናል።

በቡድን ለመወያየት፤

ሀ. በሥራችሁ ወይም በቤታችሁ «ጎደለ» እየተባለ የሚታለፍ ነገር ምንድር ነው?

ለ. በደልንና የበደልን ውጤት ከራሳችሁ አካባቢ በምሳሌ ለዩ።

ሐ. በማኅበራችሁ አንድ ሰው ጥፋቱን ቢናዘዝ የሚቀበለው ማን ነው? እንዴትስ ይቀበለዋል?

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።